የድሬዳዋ ዛፍ፣ ወይም የማናውቃቸው ሰዎች ያወረሱን ጥላ

“የድሬዳዋ ዛፍ” የሚባለውን ዛፍ መቼም ታውቁታላችሁ። ስሙን ባታውቁት እንኳ መልኩን አይታችሁታል። አዳማ አለ፣ ሐዋሳ አለ፣ ባሕር ዳር አለ። ወደ ላይ ብዙም አይረዝምም፤ ወደ ጎን ግን እንደ ትልቅ ዣንጥላ ይዘረጋል። ክረምት ከመግባቱ በፊት ቀይ በቀይ ሆኖ ያብባል። ፍሬው እንደ ጎራዴ ረጅም ነው፤ ሲደርቅ ልጆች ይዘውት እየዞሩ ያንሿሹበታል።

እናላችሁ፣ ይሄ ዛፍ የድሬዳዋ አይደለም። የኢትዮጵያም አይደለም። የትውልድ አገሩ ማዳጋስካር ነው። እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ቦየር የተባለ የቦሄሚያ ተወላጅ የዕፅዋት ተመራማሪ እዚያ አግኝቶት ለሳይንሱ ዓለም አስተዋወቀው። ከዚያ በኋላ ዛፉ ባሕር እየተሻገረ በየአህጉሩ ወዳሉ ሞቃት ከተሞች ተሠራጨ። የደረሰበት አገር ሁሉ የራሱን ስም አወጣለት። የእኛ አገር ሰው ደግሞ የከተማ ስም ሰጠው።

ለምን የድሬዳዋ? እኛ እንደሚመስለን ነገሩ ቀላል ነው። ለደጋ ሰው ድሬ ማለት በመጀመሪያ ሙቀት ናት፤ ከሙቀቱ ቀጥሎ የሚያስታውሰው ደግሞ የተቀመጠበትን ጥላ ነው። ጥላውን ያየ ሰው ዛፉን በከተማዋ ጠራው።

ዛሬ የምናወራው ስለዚያ ጥላ ነው። ሰው በሞቃትና በደረቅ አገር ግቢውን እንዴት አድርጎ መቀመጫ አደረገው? ብልሃቱ ከየት መጣ? ድሬ ላይስ ማን ሠራው? እኛ ደግሞ፣ የኮንዶሚኒየምና የኪራይ ቤት ትውልድ፣ ምን እያደረግንበት ነው? ጥያቄው የድሬ ልጆች ብቻ አይደለም። ሙቀቱ ወደ ሁላችንም እየመጣ ስለሆነ የሁላችንም ነው።

ባቡር ያስቀመጣት ከተማ

ታሪኩ ከባቡር ይጀምራል። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መስመር ፈቃድ ሰጡ። የመጀመሪያው ሐሳብ መስመሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር እንዲገባ ነበር። ችግሩ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ሐዲድ ያን ሁሉ ዳገት ማስወጣት እጅግ ከባድ፣ እጅግም ውድ ሆነ። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ተራራውን ትተው ከግርጌው ባለው ሜዳ አለፉ። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ፣ ማለትም በ1895 ዓ.ም.፣ እዚያ ሲደርስ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። መጀመሪያ “አዲስ ሐረር” ሊሏት ሞክረው ነበር። ስሙ አልጸናም፤ ድሬዳዋ ጸና።

ልብ በሉ፣ አዲስ አበባ የተቆረቆረችው ለፍልውሃ ቅርብ በሆነና አየሩ በተስማማ ቦታ ነው። ድሬን ግን እዚያ ያስቀመጣት የሐዲድ ስሌት ነው። ከፍታዋ 1,200 ሜትር ገደማ፣ የዓመት ዝናቧ 600 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። መሃሏን የሚከፍላት ደቻቱ “ወንዝ” ይባላል እንጂ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። የውጭ ፊልም ላይ “ሰመር” ሲባል እኛ ክረምት ብለን ተርጉመን ጋቢ እናስባለን። ድሬ ላይ ግን ግንቦትና ሰኔ ማለት ቀን ቀን 35 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ የሚደርስ ደረቅ ሙቀት ነው።

ሁለቱም ከተሞች ታዲያ መልሳቸውን በዛፍ ሰጡ። አዲስ አበባ የማገዶ እንጨት አልቆባት ልትፈርስ ስትቃረብ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ አጋማሽ ላይ የገባው ባሕር ዛፍ አዳናት። የአዲስ አበባ ዛፍ ለምድጃ ተተከለ፤ የድሬ ዛፍ ግን ለመቀመጫ። አንዱን ቆርጠህ ትጠቀምበታለህ፣ ሌላው የሚጠቅምህ ሳትቆርጠው ነው። ይህን ልዩነት ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ጥላ፣ ውሃ፣ ሌሊት

ድሬ ከመቆርቆሯ በፊት በሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት በረሃማ አገር ላይ የኖሩ ሰዎች ይህን ጥያቄ ሲያጠኑት ነበር። መልሳቸውም በሦስት ነገር ይጠቃለላል። ጥላ፣ ውሃና ሌሊት።

መጀመሪያ ጥላ። ቀትር ላይ ሰማዩ ጥርት ሲል ፀሐይ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1,000 ዋት ገደማ ኃይል ታወርዳለች። አንድ ካውያም እንደዚያው ነው የሚስበው። እንግዲህ 20 ካሬ ሜትር የሆነች ትንሽ ግቢ ካለቻችሁ ቀትር ላይ 20 ካውያ ተሰክቶ ቀርቷል ማለት ነው። ጥላ ማለት ካውያውን መንቀል ነው። የአየሩ ሙቀት እምብዛም ባይለወጥ እንኳ ሰውነታችሁና የተቀመጣችሁበት መሬት አይጠበስም።

ሁለተኛ ውሃ። ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። አንድ ሊትር ውሃ ተኖ ሲያልቅ ይዞት የሚሄደው ሙቀት 0.7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ያችው ካውያ 40 ደቂቃ ያህል ተሰክታ የምትሰጠው መሆኑ ነው። እናቶቻችን ይህን ሳይጽፉት ያውቁታል። እንስራ ውስጥ ያለ ውሃ ለምን ይቀዘቅዛል? ሸክላው በትንሹ ስለሚያልበው ነው። ከሰዓት በኋላ ቡና ከመፈላቱ በፊት ግቢው ላይ ውሃ የሚረጨውስ ለአቧራው ብቻ ነው እንዴ? ብልሃቱ ከሁሉ በላይ የሚሠራው ደግሞ አየሩ ደረቅ ሲሆን ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ አየሩ ራሱ እርጥብ ነውና ያን ያህል አይረዳም። ድሬ ላይ ግን ይሠራል። ዛፍም ቢሆን የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ከሥሩ የሳበውን ውሃ በቅጠሉ ያተናል።

ሦስተኛው ሌሊት ነው፤ ይሄኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ደረቅ አገር ቀን ያቃጥላል፣ ማታ ይለቃል። ሰማዩ ደመና ስለሌለው መሬቱ የሰበሰበውን ሙቀት ወደ ላይ ይሰደዋል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። በግድግዳ የተከበበ ግቢ ካለህ ያ አየር እንደ ውሃ በገንዳ ይጠራቀምልሃል። ጠዋት ላይ ፀሐይ ቁልቁል እስክታይህ ድረስ የሌሊቱን ቅዝቃዜ ትበላለህ።

ይህን ያወቁት እነማን ናቸው? ዛሬ ኢራቅ በምንላት አገር የጥንቷ ዑር ከተማ ነበረች፤ የአብርሃም አገር ተብላ በመጽሐፍ የተጠቀሰችው ናት። እንግሊዛዊው ሊዮናርድ ዉሊ እ.ኤ.አ. ከ1922 እስከ 1934 ሲቆፍራት 4,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ መኖሪያ ቤቶች አገኘ። ክፍሎቹ መሃል ላይ ያለን ክፍት ግቢ ከበው የተሠሩ ናቸው። ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ ደግሞ ፋርስ አለች። ንጉሥ ቂሮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በስድስተኛው መቶ ዓመት ፓሳርጋዴ በተባለች ከተማው የአትክልት ቦታ አሠርቶ ነበር፤ ውሃ የሚሄድባቸው የድንጋይ ቦዮችና ትናንሽ ገንዳዎች ዛሬም ይታያሉ። ፋርሶች እንዲህ ያለውን በግንብ የታጠረ የዛፍና የውሃ ቦታ የሚጠሩበት ቃል ወደ ግሪክ ገባ፤ ግሪኮቹ ከዕብራይስጥ መጽሐፍ ቅዱስን ሲተረጉሙ የኤደንን ቦታ በዚሁ ቃል ጠሩት። ፈረንጆች “ፓራዳይዝ” የሚሉት ከዚያ የመጣ ነው። የቃሉ ሥር “በዙሪያው የታጠረ” ማለት ነው።

እኛስ? እኛም አለን እኮ! ገነት በግእዝ የአትክልት ቦታ ማለት ነው። ዐጸድ የምንለው ደግሞ የታጠረ ቦታ ነው። የቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ውስጥ ገብታችሁ ከውጭ ካለው መንገድ ጋር ያለውን የአየር ልዩነት ፊታችሁ ላይ ተሰምቷችሁ ያውቃል? እንግዲህ ያ ነው። አጥር፣ ዛፍ፣ ያልተነጠፈ አፈር።

ይህን ሁሉ በዘመናዊ ምህንድስና ቋንቋ ከጻፉት ሰዎች አንዱ ግብፃዊው አርክቴክት ሐሰን ፋትሂ ነው። የቀድሞ የካይሮ ቤቶችን ሲያጠና ሁለት ክፍት ቦታዎች ያሏቸውን አገኘ፤ አንዱ ትንሽና ጥላ የበዛበት ግቢ፣ ሌላው ሰፊና ፀሐይ የሚመታው ጓሮ። በመካከላቸው ጣሪያ ያለው መቀመጫ አለ። ጓሮው ሲሞቅ አየሩ ወደ ላይ ይነሳል፤ በምትኩ ከትንሹ ግቢ ቀዝቃዛ አየር ይሳባል። መሃል ላይ የተቀመጠው ሰው ያለ ምንም ማሽን ነፋስ ያገኛል። ፋትሂ እ.ኤ.አ. በ1986 በታተመ መጽሐፉ ይህን ዘርዝሮ አስቀምጦታል። ቬንትሌተር የሌለበት ቬንትሌተር በሉት።

ከደቻቱ ወዲህና ወዲያ

አሁን ወደ ድሬ እንመለስ። ድሬን አስገራሚ የሚያደርጋት ሁለት የማቀዝቀዣ ትምህርት ቤቶች በአንድ ደረቅ ወንዝ ግራና ቀኝ መቆማቸው ነው።

አንደኛው ከዚራ ነው። የባቡር ኩባንያው ፈረንሳዮች በማስመሪያ የነደፉት ሰፈር ነው። መንገዶቹ ቀጥ ያሉና ሰፋ ያሉ ናቸው፤ በረንዳ ያላቸው ቤቶች፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ደግሞ ዛፍ። ሰፊ መንገድ ራሱን አያጠላም፤ ስለዚህ ጥላውን ከላይ በዛፍ ማምጣት የግድ ነበር። ከዚራ ላይ በቀትር በእግሩ የሄደ ሰው መንገድ የሚያቋርጠው መኪና አይቶ ብቻ አይደለም፤ ጥላ አይቶ ነው።

ሁለተኛው መጋላ ነው። እዚህ ከሐረር የወረዱ ነጋዴዎች፣ ሶማሌዎች፣ ኦሮሞዎች፣ ከየመን የመጡ ዐረቦች፣ ሕንዶችም ገበያ መሥርተው ኖሩ። የንግድ ሰፈር ነውና መሬቱ ውድ፣ መንገዱ ጠባብ ነው። ጠባብ መንገድ ግን አንድ ጥቅም አለው። የአንዱ ቤት ግድግዳ ለሌላው መንገደኛ ጥላ ይሆናል። ግቢው ከውጭ አይታይም፤ በሩን አልፋችሁ ስትገቡ ግን በግድግዳ የተከበበች ቦታ ታገኛላችሁ። ኖራ የተቀባ ነጭ ግድግዳ ፀሐይን መልሶ ይወረውራል። ዑርን የሠሩ ሰዎች መጋላ ቢገቡ የሚጠፋባቸው አይመስለንም።

ከሁለቱም ሰፈር ጋር አብሮ የሄደ ሦስተኛ ብልሃት ደግሞ ሰዓት ነው። ድሬ በጠዋት ትሠራለች፣ ቀትር ላይ ሱቋን ዘግታ ትተኛለች፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንደገና ትነቃለች። ከደጋ የሄደ እንግዳ “ስንፍና ነው” ይላል። ስንፍና አይደለም። ሰውነትን ከፀሐዩ ጋር አለማጋጨት ነው። በጣም ሲሞቅ ደግሞ አልጋውን ወደ ግቢ አውጥቶ ከሰማይ በታች መተኛት አለ። ቀን ግድግዳው የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ወደ ክፍሉ ስለሚተፋው፣ ውጭ ያለው አየር ከውስጡ ይሻላል። ሌሊትን መጠቀም ማለት ይህ ነው።

ሲሚንቶና ቆርቆሮ

ታሪክ ቀልድ ይወዳል። የአገራችን የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ የት ተቋቋመ መሰላችሁ? እዚያው ድሬዳዋ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን። አካባቢው የኖራ ድንጋይ አለው፤ ሐዲድም አለ። ሲሚንቶ ድልድይ ሠርቷል፣ ትምህርት ቤት ሠርቷል፤ አንነቅፈውም። ግን ግቢ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ እንወቅ።

ሊሾ የተደረገ ግቢ ንጹሕ ይመስላል፣ ጭቃ የለውም፣ ለመጥረግ ይቀላል። ሆኖም ቀኑን ሙሉ ሙቀት ሲጠጣ ይውላል፤ ማታ እኛ ልናርፍ ስንወጣ መልሶ ይሰጠናል። ከሦስቱ ብልሃቶች ሌሊትን ነጠቀን ማለት ነው። ውሃ ብንረጭበት ቶሎ ይፈሳል ወይም ወዲያው ይደርቃል፤ እንደ አፈር ይዞ ቀስ ብሎ አይለቅም። የዛፉ ሥር ድረስ ከተነጠፈ ደግሞ ዛፉ ራሱ ውሃ ይጠማዋል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ሁሉንም በአንድ ቀን ሥራ አጠፋናቸው።

ቆርቆሮውም እንደዚያው ነው። ፀሐይ ላይ የዋለ ቆርቆሮ እጅ አያስነካም። ከሥሩ ኮርኒስ ከሌለ ሙቀቱን ቁልቁል ወደ ክፍሉ ያወርዳል፤ ከጣሪያው አልፎ ግቢው ላይ በተሠራ መጠለያ ከሆነ ደግሞ ጥላ ሰጥቶ በምትኩ ምድጃ ይሆናል። ቅጠል ያለው ዳስ ከቆርቆሮ መጠለያ የሚሻለው ለዚህ ነው። ቅጠል አየር ያሳልፋል፣ እንደ ብረት አይግልም። አያቶቻችን ለሠርግና ለለቅሶ ዳስ ሲጥሉ ምን እንደሚያደርጉ ያውቁ ነበር።

ነገሩን የከፋ የሚያደርገው አዳዲስ ሰፈሮች ሲሠሩ ሁለቱንም ትምህርት ቤት ትተው መሠራታቸው ነው። የከዚራን ሰፊ መንገድ ወሰዱ፣ ዛፉን ግን ተዉት። የመጋላን ግድግዳ ወሰዱ፣ ጠባቡን መንገድና የውስጡን ግቢ ግን ተዉት። የቀረው ሰፊ፣ ራቁቱን የቆመ አስፋልትና በሊሾ የተሸፈነ ግቢ ነው። ይህን ደግሞ የምታዩት ድሬ ላይ ብቻ አይደለም። አዳማም፣ ሎጊያም፣ ጅግጅጋም ሂዱ።

ኤሲ ያለው ሰው “ምን ቸገረኝ” ሊል ይችላል። ኤሲ ግን ሙቀቱን አያጠፋውም፤ ከቤት ወደ ውጭ ያወጣዋል። ውጭ ያለው ማን ነው? እንጀራ የምትጋግረው፣ ልብስ የምታጥበው፣ መንገድ ዳር ጀብሎ የሚሸጠው ልጅ፣ ባጃጅ ውስጥ የተቀመጠው ሹፌር። ኤሲ ከግድግዳው ውጭ ላለ ሰው አይደርስም። የመንገድ ዳር ዛፍ ግን የሚያልፈውን ሁሉ ያስጠልላል፤ የቤት ኪራይ ደረሰኝ አይጠይቅም።

የበርሜሉ ጣጣ

እዚህ ላይ ውሃን በተመለከተ ቆም ብለን የምንናገረው ቁም ነገር አለ። ምክንያቱም ሰው ይሞትበታል።

ቧንቧ በማይታመንበት ከተማ ሁሉም ቤት በርሜል፣ ጀሪካንና ሮቶ አለው። ግቢ ለማቀዝቀዝ ብለን ደግሞ ገንዳና የአበባ ማሰሮ እንጨምራለን። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 የዴንጊ ወረርሽኝ አየች። በ2019 ቺኩንጉንያ መጥቶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልጋ ላይ ጣለ። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ ቀን ቀን ትነድፋለች፤ የምትራባውም በየግቢው በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነው። በ2022 ደግሞ በበጋ፣ ወባ በማይጠበቅበት ወቅት፣ የወባ ወረርሽኝ ተነሳ። ተመራማሪዎች ሲያጠኑት ከእስያ የመጣች “አኖፌለስ ስቴፈንሳይ” የተባለች የወባ ትንኝ አገኙ። ይህቺ ትንኝ እንደ አገሬው የወባ ትንኝ ረግረግ አትፈልግም። በርሜልና የግንባታ ውሃ ማጠራቀሚያ ይበቃታል። ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ነበር።

ስለዚህ የጥንቶቹን ብልሃት እንዳለ መቅዳት አይበቃም። የፋርስ ገንዳ ውሃው ይፈስ ነበር። የእኛ በርሜል ቆሞ ይውላል። የሚረጭና በዚያው ቀን የሚደርቅ ውሃ ችግር የለውም፤ እንስራም ክዳን ካለው ችግር የለውም። ክዳን የሌለው በርሜል ግን ግቢውን አያቀዘቅዝም፣ ሰፈሩን ያሳምማል። ማታ ውጭ የሚተኛ ሰውም አጎበሩን ይዞ ይውጣ። ሌሊቱን መጠቀም ማለት ራስን ለትንኝ መስጠት አይደለም።

ዛፍ ሁሉ ዛፍ አይደለም የሚለውንም እናክልበት። ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አካባቢ በረሃን ለመግታት፣ ለማገዶና ለጥላ ተብሎ ወደ አገራችን ገባ። ፍየልና ከብት ፍሬውን እየበሉ ዘሩን አዳረሱት። ዛሬ አፋር ውስጥ ሰፊ የግጦሽ መሬት ውጦ አርብቶ አደሩን አሳዷል። የተከለው ሰው ክፉ አላሰበም፤ ለጥላ ብሎ ነው የተከለው። ለጥላ ተብሎ የሚተከል ነገር ሁሉ ጎረቤት የሚያስደስት አይደለም።

የማን ግቢ?

አሁን ወደ ዋናው ነጥባችን መጣን። ዛፍ ትከሉ ሲባል እኛ የምንሰጠው መልስ አንድ ነው። “ግቢው የእኔ አይደለም።” እውነት ነው። ተከራይ ነን። በሚቀጥለው ዓመት የት እንደምንኖር አናውቅም። አከራዩ ኪራይ ሲጨምር እንወጣለን። ለማን ብለን እንትከል?

ታዲያ የከዚራን ታሪክ ከዚህ ጋር አስተያዩት። ከዚራ ውስጥ በኩባንያ ቤት ይኖር የነበረ የባቡር ሠራተኛ የቤቱ ባለቤት አልነበረም። ዛሬ ድሬ ነው፣ ነገ አዋሽ ወይም አዲስ አበባ ይዛወራል። ከማዳጋስካር የመጣው ዛፍ ግን ዛሬም አገሩን አጥልሎ ቆሟል። ከዚያ ደግሞ 1967 ዓ.ም. መጣ። አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ለመንግሥት አደረገ። የአንድ ቤተሰብ የነበረ ግቢ የቀበሌ ቤት ሆኖ ለብዙ ቤተሰብ ተከፈለ። ባለቤትነቱ ተገለበጠ፤ ከዛፉ ሥር ግን አንዱ ሰሌኑን ዘረጋ፣ ሌላዋ ልጇን አጠበች፣ ሌላው ከሰዓቱን አሳለፈ። ባቡሩም በተራው ቆመ። የድሮው መስመር አብዛኛው ክፍል ሥራ ካቆመ ዓመታት አለፉ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም አሮጌውን ጣቢያ ትቶ ከከተማው ወጣ ብሎ ያልፋል። ንጉሡ፣ ኩባንያው፣ ቀበሌው፣ ባቡሩ፣ ሁሉም ተፈራርቀዋል። ጥላው አለ።

ስለዚህ ድሬ የምትነግረን ነገር ይህ ነው። ጥላ ከመጀመሪያውም የባለቤቶች ሥራ አልነበረም። ተከራይ፣ ተዛዋሪ፣ እንግዳ፣ ስደተኛ፣ ነጋዴ የሠራው ነገር ነው። አንድ የድሬዳዋ ዛፍ አድጎ ሰው የሚያስቀምጥ ጥላ እስኪኖረው ዓመታት ይፈጃል። የተከለው ሰው ከሥሩ ላይቀመጥ ይችላል። እኛ ደግሞ ሳንተክል ተቀምጠንበታል። ብድር ነው እንበል? ያበደሩን ሰዎች የሉም። መክፈል የምንችለው ከእኛ በኋላ ለሚከራየው ሰው ብቻ ነው።

ቅድም ያዙልን ያልነው ነገር እዚህ ይገባል። ባሕር ዛፍን የተከለ ሰው ከጥቂት ዓመት በኋላ ቆርጦ ይሸጠዋል። የጥላ ዛፍ ግን ገበያ የለውም። መንገድ ሲሰፋ፣ ሱቅ ሲሠራ፣ ሰርቪስ ቤት ሲጨመር መጀመሪያ የሚወድቀው ለዚህ ነው፤ ዋጋውን የሚጽፍለት ሰው የለም። ዋጋው የሚታወቀው ከወደቀ በኋላ፣ በመጀመሪያው የግንቦት ቀትር ነው።

እና ምን እናድርግ?

ምክር የምንወድ ሰዎች አይደለንም፤ ግን ታሪኩ ራሱ ጥቂት ነገር ይመክራል።

መጀመሪያ ፀሐዩን እወቁ። ድሬም፣ አዲስ አበባም ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ገደማ በስተሰሜን ናቸው። ከሚያዝያ መጀመሪያ አካባቢ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ድረስ የቀትር ፀሐይ የምትቆመው ከአናታችን ትንሽ ወደ ሰሜን ነው። ግንቦት ቀትር ላይ ውጡና ጥላችሁን እዩት፤ አጭር ሆኖ ወደ ደቡብ ይወድቃል። ስለዚህ በሙቀቱ ወራት ጥላ የሚያስፈልጋችሁ ከላይና ከምዕራብ ነው። በተለይ የምዕራቡ ግድግዳ የከሰዓቱን ፀሐይ ሙሉ ይጠጣል። አንድ ነገር ብቻ የምትችሉ ከሆነ እሱን አጥሉት፤ ሽቦ ወጥሮ ቡገንቪላ ወይም ወይን ማስወጣት ይበቃል። ለተከራይ ደግሞ ይሄ ይመቻል።

ሁለተኛ፣ ዛፉን ስትመርጡ ቦታውን አስቡ። የድሬዳዋ ዛፍ ሥሩ ከላይ ከላይ ነው የሚሄደው፤ ከግድግዳና ከቧንቧ ካላራቃችሁት ይሰነጥቃል። በዚያ ላይ በደረቁ ወቅት ቅጠሉን ያራግፋል። ኒም ከሕንድ በኩል የመጣ ዛፍ ነው፤ ድርቅ ይችላል፣ አብዛኛውን ዓመት ቅጠሉ አይለየውም። ከመካ አጠገብ ባለው የዐረፋት ሜዳ ላይ ለሐጅ ተጓዦች ጥላ ተብሎ በ50,000 የሚቆጠር ኒም መተከሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ዛፉ እስኪያድግ ዳስ ጣሉ፣ ሸራ ወጥሩ፤ ፓፓያም ቶሎ ይደርሳል።

ሦስተኛ፣ ግቢያችሁን በሙሉ አታንጥፉት። መሄጃውን አንጥፉ፣ በዛፉ ዙሪያ ያለውን አፈር ግን ተዉለት። የልብስ እጣቢ የመጨረሻውን ውሃ ለዛፉ ስጡት። ቆርቆሮውን ነጭ ቀቡት። በርሜሉን ክደኑት። አለቀ። ከዚህ ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚፈልገው የትኛው ነው?

እኛ የምንጽፈው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ትልልቅ ሰዎችና ስለ ትልልቅ ዓመታት ነው። የጥላ ታሪክ ሐውልት የለውም፤ ኩባንያውን እናውቃለን፣ የአዋጁን ቁጥር እናውቃለን፣ ጉድጓዱን የቆፈረውንና በደረቁ ወራት ባልዲ ተሸክሞ ያጠጣውን ሰው ስም ግን የመዘገበ የለም። መጪው ክረምት ሲገባ ችግኝ በየቦታው በርካሽ ይሸጣል። አንድ ገዝታችሁ የእናንተ ባልሆነ ግቢ ውስጥ ትከሉት፤ አከራያችሁን ግን ቀድማችሁ አስፈቅዱ፣ በኋላ ጣጣ እንዳይመጣ።

ቸር እንሰንብት!